ባሕር ዳር አድጌ ብስክሌት አልችልም ብል ማን ያምነኛል?

የተከበሩ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ44 ዓመት ሴት ነኝ። ፍራንክፈርት መኖር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል፤ የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ በሐምሌ 16 ዓመት ይሞላታል።

ከዚህች ልጅ ጋር ከተራራቅን ሁለት ዓመት አለፈን። ጠብ የለንም። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በጀርመንኛ በአንድ ቃል ትመልስልኛለች፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ባለፈው ወር ግን «ለልደትሽ ምን ልግዛልሽ?» ብላት አንድ ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በእጇ የሣለችው ካርታ ነው። በባቡር እስከ ፓሳው፣ ከዚያ በዳኑብ ወንዝ ዳር በብስክሌት እስከ ቪየና። ከሥሩ «እኔና እማዬ ብቻ፣ 4 ቀን» ብላ በአማርኛ ጽፋለች። «ማ» ፊደሏ ተንጋዳ ሳያት እንባዬ መጣ። እሺ አልኳት።

ችግሩ፣ እኔ ብስክሌት መንዳት አልችልም። ልጄ ግን እንደምችል ነው የምታውቀው። ትንሽ ሳለች ስለ ባሕር ዳር፣ ስለ ዘንባባዎቹ፣ በብስክሌት ትምህርት ቤት ስለሚሄዱት ልጆች እያወራሁላት ነው ያደገችው። እሷ እኔንም ከልጆቹ መካከል አድርጋ አሰበችኝ፣ እኔም አላረምኳትም። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። 11 ዓመቴ ሳለ ከሰፈር ልጆች ጋር ሳንቲም አዋጥተን ብስክሌት ተከራየን። ተራዬ ደርሶ ሁለት ሦስቴ እንደረገጥኩ አጎቴ አየኝ። በሰው ፊት በጥፊ መታኝ። «ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ወጥታ ክብሯን ልታጣ!» አለ። ከዚያ ወዲህ ነክቼ አላውቅም። አሁን ጉልበቴን ያመኛል ብዬ ለማምለጥ አስቤአለሁ። እንዲያውም ጀምሬዋለሁ፤ ባለፈው እሑድ እያነከስኩ ደረጃ ወጣሁ።

በዚህ ላይ የባለቤቴ እኅት ነገሩን ሰምታ «ለሽርሽር የሚሆን ገንዘብ ካለሽ የእናትሽ ጣራ ያፈስ የለም ወይ?» አለችኝ። ለእናቴ በየወሩ 150 ዩሮ እልካለሁ፤ አንድም ወር አጓድዬ አላውቅም። ቢሆንም ቃሏ አንገበገበኝ። ፈቃዴ 4 ቀን ብቻ ነው። ለባቡሩ የሥራ ቦታዬ የሚሰጠኝ የዶይችላንድ ቲኬት አለኝ፣ በመላው ጀርመን በአካባቢ ባቡሮች የሚሠራው የወር ቲኬት፤ ልጄም የተማሪ ቲኬት አላት። ልሂድ ወይስ ልቅር? ልጄንስ ምን ልበላት?

የጣና ልጅ፣ ከፍራንክፈርት

* * *

የጣና ልጅ፣ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ጨርሼ ሳበቃ ተመልሼ የፈለግኩት ያችን ወረቀት ነው። በሩን የምትዘጋው ልጅ፣ ስልክ ወይም ጫማ መጠየቅ ስትችል አንቺን ጠየቀች። ያችን አንዲት የአማርኛ መስመር ለመጻፍ ስንት ጊዜ ሰርዛ እንደገና እንደጻፈች እስቲ አስቢው። እሺ ስትያት ፊቷ ምን ይመስል ነበር? ደብዳቤሽ ውስጥ አልጻፍሽውም። አስታውሺና ለራስሽ መልሺው፤ ሂጂ የምልሽ በእሱ ላይ ተማምኜ ነው።

መጀመሪያ ስለ አጎትሽ። ብስክሌት የሴት ልጅን ክብር ያሳጣል የሚለው ወሬ መሠረት የሌለው ነው፤ የእኛ አገር ሰው ብቻ ያወራውም አይደለም። ብስክሌት ገና አዲስ በነበረበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ሳይቀሩ ሴቶችን ያስፈራሩበት ነበር። በዚያው ዘመን ፍራንሲስ ዊላርድ የተባለች አሜሪካዊት የሴቶች መብት ተሟጋች በ53 ዓመቷ ብስክሌት ተማረች። በቀን ሩብ ሰዓት ያህል እየተለማመደች ሦስት ወር ገደማ እንደፈጀባት ራሷ ጽፋለች። አንቺ ገና 44 ነሽ፤ ለሐምሌም ሦስት ወር ቀርቶሻል። ጥፊው ካረፈብሽ 33 ዓመት አለፈው፣ ዛሬም ብስክሌት ባየሽ ቁጥር የምታፍሪው አንቺ ነሽ። ማፈር የነበረበት እሱ ነበር።

ለልጅሽ ስለ ባሕር ዳር ስታወሪ ሳታርሚ ያለፍሽውን ነገር ውሸት ብዬ አልጠራውም። እናት ለልጇ አገሯን ስታሳምር ራሷንም ትንሽ ታሳምራለች። የጉልበቱ ነገር ግን ሌላ ነው። እሑድ የጀመርሽው ማነከስ እስከ ሐምሌ በየደረጃው ሊከተልሽ ነው። ከዚያስ? ልጅሽ ካርታዋን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ትከታለች። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ወረቀት የምታመጣ ይመስልሻል? እኔ እንጃ።

ስለዚህ ንገሪያት። ታናሽ ወንድሟ ቤት የሌለበትን ሰዓት ምረጪ። ምግብ ላይ አይሁን። ካርታዋን ራስሽ አውጪና ጠረጴዛው ላይ ዘርጊው፤ በቁም ነገር እንደያዝሽው ትይ። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብለሽ፦ «እኔ ብስክሌት አልችልም። ልጅ ሆኜ ልሞክር ስል ተመትቼ ነው የተውኩት። ጉልበቴንም አያመኝም፤ አፍሬ ነው። ካንቺ ጋር ግን መሄድ እፈልጋለሁ። ታስተምሪኛለሽ?» ከዚህ የበለጠ አትጨምሪ። ልትስቅ ትችላለች፣ ሊከፋት ይችላል፣ «ለምን እስከ ዛሬ?» ልትልሽ ትችላለች። ተነሥታ በሩን ብትዘጋም አትከተያት። በጀርመንኛ ከመለሰችልሽ ደግሞ ለዚያች ቀን ቋንቋዋን ተዪላት። የጠየቅሻት ትልቅ ነገር ነው፤ ጊዜ ያስፈልጋታል።

እሺ ካለች ሰፊ ሜዳ ፍለጋ አትድከሙ። ጀርመን ውስጥ እሑድ ሱቅ ዝግ ስለሆነ የሱፐርማርኬቶቹ መኪና ማቆሚያ ባዶ ይውላል፤ ለጥ ያለ፣ መኪና የማይመጣበት ቦታ ነው። ብስክሌቱ ቀላልና ዝቅ ያለ ይሁን። ልጅሽ በመፍቻ ሁለቱን መርገጫዎች ታውጣቸው፤ የግራው የሚፈታው ከተለመደው በተቃራኒ ዞሮ መሆኑን ንገሪያት፣ አለዚያ ስትታገል ትውላለች። ኮርቻውን ሁለቱም እግሮችሽ መሬት እስኪረግጡ ድረስ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ በእግርሽ መሬቱን እየገፋሽ መሄድ ነው። መጀመሪያ አጫጭር እርምጃ፣ እየቆየሽ ረዘም ያለ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም እግር አንሥተሽ። የፊት ጎማውን አትዪ፤ የምታዪበት ትወድቂያለሽ። ራቅ ያለ ምሰሶ ምረጪና እሱን እያየሽ ሂጂ። ልጅሽም ከኋላ ኮርቻውን አትያዝልሽ፤ ሰው ሲይዝሽ ሚዛኑ የያዘሽ ሰው ይሆናል። መርገጫው የሚመለሰው ሚዛንሽን ከጠበቅሽ በኋላ ነው። በፍሬን መቆምን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪ።

እኔ ራሴ የተማርኩት በ51 ዓመቴ ነው፣ ኮሎኝ ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ። ከዚያ ቀን አሁንም ጆሮዬ ላይ ያለው የጎማው ድምፅ ነው። ጫማዬ መሬቱን ሲፍቅ የነበረው ኩሽኩሽታ ድንገት ጠፋ፣ ጎማው ብቻ ሽር አለ፣ አራት አምስት ሰከንድ ያህል። ከዚያ እግሬን አወረድኩ። ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆሜ እጀታውን አልለቅም አልኩ።

ከልጅሽ መማር ከከበደሽ፣ ወይም እሷ ትዕግሥት ካጣች፣ የጀርመን ብስክሌተኞች ማኅበር የሆነው አዴኤፍሴ በብዙ ከተሞች ለአዋቂ ጀማሪዎች ትምህርት ይሰጣል። ለሴቶች ብቻ የሚሰጥም አለ። አስተማሪዎቹ እንዳንቺ ዓይነት ተማሪ ለምደዋል፤ ማንም አይገረምብሽም።

አሁን ወደ ካርታው እንምጣ። ልጅሽ የመረጠችው መንገድ ያማረ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ከታወቁት የብስክሌት መንገዶች አንዱ ነው፣ ሜዳማ ነው፣ ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል። ነገር ግን ከፓሳው እስከ ቪየና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ብዙ ሰው አንድ ሳምንት ያህል ይመድብለታል። በ4 ቀን፣ የሁለት ጉዞ ባቡር ተጨምሮበት፣ ጀማሪ እናት ይዞ አይሆንም። በፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ ብስክሌት የሚጫነውም ቦታው ባላቸው ብቻ ነው፤ እሱም አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። ይህን እውነት ንገሪያት እንጂ ውሳኔውን ከእጇ አትውሰጂባት። ካርታው የእሷ ነው። የእኔን ሐሳብ አሳዪያትና እሷ ትሣለው።

የእኔ ሐሳብ ራይን ወንዝ ነው። ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ያለው ሸለቆ ደጃፋችሁ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ዩኔስኮ በ2002 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ነው፤ በሁለቱም ወገን ወይን የተተከለባቸው ገደሎች፣ በየጉብታው ላይ ቤተ መንግሥትና ምሽግ። ለአንቺ የሚጠቅምሽ ግን ባቡሩ ነው። በግራው ዳርቻ የሚሄደው ባቡር በየመንደሩ እየቆመ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ይከተላል፤ ቢንገን፣ ባካራክ፣ ኦበርቬዘል፣ ሳንክት ጎዋር፣ ቦፓርድ። በሰዓት አንድ ጊዜ ያህል ይመጣል። ደከመሽ፣ ዘነበ፣ ፈራሽ፤ ብስክሌቱን ይዘሽ መግባት ነው። ዳኑብ ላይ እንዲህ ያለ ምሕረት በየመንደሩ አታገኚም።

ደግሞ ለጣና ልጅ ብቻ የሚሆን ነገር አለ። በራይን ዳር የኪሎ ሜትር ቁጥር የተጻፈባቸው ትልልቅ ሰሌዳዎች ቆመዋል፤ መርከበኞች ያሉበትን ቦታ የሚያውቁት በእነሱ ነው። ቁጥሩ የሚጀምረው ከኮንስታንዝ ድልድይ ነው፣ ወንዙ ከኮንስታንዝ ሐይቅ ከሚወጣበት ቦታ። ራይን ወደ ሐይቁ ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል፣ ከመውጫው ጀምሮ ይቆጠራል። ግልገል ዓባይ ጣና ገብቶ ዓባይ ባሕር ዳር ላይ እንደሚወጣው ማለት ነው። ይህን ለልጅሽ ንገሪያት፣ የዓባይን ድልድይም በልጅነትሽ እንዳየሽው ንገሪያት። ይሄ ወሬ በእውነት የአንቺ ነው፤ ምንም ማሳመር አያስፈልገውም።

አራቱን ቀን ከሰኞ እስከ ሐሙስ አድርጊው። ቅዳሜና እሑድ በበጋ ባቡሩ በብስክሌት ይሞላል፣ መንገዱም በሰው ይጨናነቃል። ሰኞ በባቡር እስከ ቢንገን ሂዱ። እዚያ ሁለት ጣቢያ አለ፤ የምትወርዱበትን አስቀድማችሁ ለዩ። ከዚያ እስከ ባካራክ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እያረፋችሁ ብትሄዱ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ብትወስዱ ማንም አይቸኩልባችሁም። ባካራክ ላይ ሁለት ሌሊት እደሩ። ከመንደሩ በላይ ያለው ሽታሌክ የሚባለው አሮጌ ምሽግ ዛሬ የወጣቶች ማደሪያ ነው፤ ቤተሰብም ይቀበላል። የማደሪያዎቹ ማኅበር አባልነት ካርድ ይጠይቃል፣ ሐምሌ ደግሞ ቶሎ ስለሚሞላ ዛሬ ነገ ሳትይ ያዢ። ዳገቱን ብስክሌቱን እየገፋችሁ መውጣት ነው፤ 16 ዓመት የሚሞላት ልጅ ግን ቤተ መንግሥት ውስጥ ማደሯን አትረሳውም።

ማክሰኞ ሻንጣችሁን እዚያው ትታችሁ፣ ቀለል ብላችሁ፣ እስከ ሳንክት ጎዋር ንዱ፤ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥቂት እንደሄዳችሁ ከካውብ ከተማ ፊት ለፊት፣ በወንዙ መካከል በምትገኝ ደሴት ላይ እንደ ድንጋይ መርከብ የቆመ ምሽግ ታያላችሁ። ኬላ ነበር፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከሚያልፉ መርከቦች ቀረጥ ይሰበሰብበት ነበር። ሰሌዳው ላይ 554 ስታዩ ቀና በሉ፤ ከወዲያ ማዶ ሎረላይ የሚባለው ገደል ከውኃው በላይ 132 ሜትር ተገትሮ ቆሟል። ወንዙ እዚያ ጠባብ ነው፣ ውኃው ይቸኩላል። ሽቅብ የሚመጡት የጭነት ጀልባዎች በጣም ያዘግማሉ። እኔ ያየሁት አንዱ በጀርባው ላይ የባለቤቱን ትንሽ መኪና ጭኖ ነበር፣ ከመኪናው አጠገብ በገመድ ላይ ሁለት ነጭ አንሶላ ይውለበለባል። ቁጭ ብዬ ከዓይኔ እስኪጠፋ ብዙ ቆየሁ። ሲመሽ በባቡር ወደ ባካራክ ተመለሱ።

ረቡዕ ሻንጣችሁን ይዛችሁ በባቡር እስከ ሳንክት ጎዋር፣ ከዚያ 14 ኪሎ ሜትር ያህል በብስክሌት እስከ ቦፓርድ። ሐሙስ ከቦፓርድ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ኮብሌንዝ፣ ሞዘል ወንዝ ከራይን የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትቆማላችሁ። ከዚያ ባቡር፣ ማታ ቤት። በሙሉ ሲደመር 63 ኪሎ ሜትር ነው። ለልጅሽ ትንሽ ሊመስላት ይችላል። እንግዲያው ከቁርስ በፊት ብቻዋን አንድ ዙር ትንዳ፤ አንቺ ቡናሽን ጠጪ።

ስለ ቲኬት አንድ ነገር ልብ በይ። የእናንተ ክፍለ ግዛት የሄሰን የተማሪ ቲኬት ከሄሰንና ከማይንዝ ከተማ አያልፍም፤ ለቢንገንም ሆነ ከዚያ ወዲያ አይሠራም። ለልጅሽ ለአንድ ወር የዶይችላንድ ቲኬት መግዛት ይቀላል። በ2026 ዋጋው በወር 63 ዩሮ ነው፤ እንዳይቀጥል ከፈለግሽ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ድረስ አሰርዢው። ብስክሌት ግን በዚህ ቲኬት ውስጥ አይቆጠርም። በፍራንክፈርት አካባቢ ብስክሌት በነፃ ይጫናል፤ ሸለቆው ባለበት በራይንላንድ ፋልስ ክፍለ ግዛት ደግሞ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ነፃ ነው። ስለዚህ ሰኞ ማለዳ አትሩጡ። ቲኬቱ በፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ።

ሻንጣ በጀርባሽ አትሸከሚ፤ ጀማሪን ሚዛን ያሳጣል። ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ቦርሳ ተዋሺ። የራስ መከላከያ ቆብ ሕጉ ባያስገድድም አድርጊ፣ ልጅሽም ታድርግ። ሐምሌ 5 የሰኔ ጾም ከተፈታ በኋላ ፍልሰታ እስኪገባ ያለው ጊዜ ለእናንተ የተመቸ ነው፤ የሚያጋጥማችሁ የረቡዕ ጾም ብቻ ነው። ለእሱ ደግሞ በሶ ያዢ። ውኃና ትንሽ ስኳር ጨምሮ ጠርሙስ ውስጥ መበጥበጥ ነው፤ ለብስክሌት ከዚህ የተሻለ ስንቅ አላውቅም። ልጅሽ ባትወደው ቆሎ አለ።

ሐምሌ ደርሶ ሚዛኑ እምቢ ቢልሽስ? ያኔም አትሰርዢው። ልጅሽ ከመንደር ወደ መንደር ትነዳለች፣ አንቺ በባቡሩ ቀድመሽ ትወርጂና ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ትጠብቂያታለሽ። 13 ኪሎ ሜትር ለእሷ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እየላበች ስትመጣ የምታያት አንቺ ትሆኛለሽ። ከተቻለ ደግሞ ለሁለት የሚነዳውን ብስክሌት ለአንድ ቀን ተከራዩ፤ እሷ ከፊት፣ አንቺ ከኋላ።

ስለ ባለቤትሽ እኅት። ክፉ ሰው አትመስለኝም፤ ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ አሰረችብሽ። የእናትሽ ጣራ እውነት የሚያፈስ ከሆነ እናትሽን ደውለሽ ጠይቂያት፣ ከሌላ ሰው አትስሚው። ክረምት እየመጣ ስለሆነ ዛሬውኑ ጠይቂ። ማደስ ካስፈለገው ከባለቤትሽና ከወንድም እኅቶችሽ ጋር ተማክራችሁ የምታዋጡት የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የወሩ 150 ዩሮ እንደሁ በቦታው አለ፤ ይህ ጉዞ ከእሱ ላይ አይነሣም። የጉዞውን ገንዘብ ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ በአንድ ፖስታ ውስጥ ለይተሽ አስቀምጪ። ለእኅቲቱ ደግሞ «ለልጄ የልደት ስጦታዋ ነው» ብትያት ይበቃል። ስትደውዪ ለእናትሽም ስለ ብስክሌቱ ንገሪያት። ያን ቀን ጥፊው ሲያርፍብሽ እሷ የት ነበረች? ታውቅ ነበር? ምናልባት እሷም ያልነገረችሽ ነገር ይኖራል። ልጅሽ አጠገብሽ ሆና ብትሰማ ደስ ይለኛል።

ከሰሌዳ ቁጥር 543 አጠገብ፣ ባካራክ ላይ፣ ሁለት ብስክሌት አስደግፋችሁ የቆማችሁ ዕለት ጻፊልኝ። አንድ ብስክሌትና አንድ የባቡር ቲኬት ከሆነም ጻፊልኝ። ልጅሽ በራሷ ፊደል አንድ መስመር ብትጨምርበት፣ «ማ» ብትንጋደድም አታርሚያት።